የረቡዕ ስልክ

ሥራዬ የሰውን ችግር በማመልከቻ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር። ሰቆጣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንዲት ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ነበሩኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ባለጉዳይ መጥቶ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ሲጀምርልኝ «እሱን ተወው። የምትፈልገውን ንገረኝ» እለዋለሁ። በአንድ ገጽ የማይገባ ችግር፣ ችግር ሳይሆን ወሬ ነው ብዬ አምን ነበር። የነገሩኝን ግን ለማንም አልናገርም። የባልን ጉዳይ ለሚስት፣ የወንድምን ለወንድም አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ይህን የማነሣው ራሴን ለማወደስ አይደለም። ይህንኑ ሕግ በገዛ ልጄ ላይ እንዴት እንዳፈረስኩት መጻፍ ስለምፈልግ ነው።

ልጄ የመምህርነት ኮርሷን ጨርሳ አበርገሌ ተመደበች። ሞባይል ገና ወደ አገራችን ወደ ዋግ ያልመጣበት ዘመን ነው። መስከረም ላይ መርቄ ሸኘኋት። ኅዳር ሲጋመስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማሽላ ከጫነ አይሱዙ ላይ ወረደች። ፍራሿን ጠቅልላ ይዛለች። ለጥየቃ የመጣ ሰው ፍራሽ አይዝም። እናቷ ፍራሹን አይታ ውኃ ልትጥድ ገባች።

«ምን ሆነሽ መጣሽ?» አልኳት፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር፣ አባ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ የምሞት መሰለኝ። ልጆቹ ሁሉ ዝም ብለው ያዩኛል። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ በር ላይ ስደርስ ደረቴ መምታት ይጀምራል። መግባት አቃተኝ።»

«ወባ ይሆናላ።»

«ክሊኒክ ሄጃለሁ። ወባ የለብሽም አሉኝ።»

«ወባ ካልሆነ ስንፍና ነዋ!»

እንዲህ አልኳት። የተናገርኩትን እንዳለ ነው የምጽፈው።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደግ ሰው ኖሮ፣ እስከ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈቃድ ሰጥቷታል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን፣ የካቲት ሲገባ ካልተገኘች በገዛ ፈቃዷ ሥራ እንደለቀቀች ይቆጠራል የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረው። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ተቃውሜው ማመልከቻ ጽፌ፣ አንድም ጊዜ አላሸነፍኩትም። ስለዚህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። በሁለት ወር ከምናምን ውስጥ ልጄ ያን የክፍል በር መሻገር ትችላለች ወይስ አትችልም?

መጀመሪያ ያደረግኩት አባቶቼ የሚያደርጉትን ነው። ጠበል ወሰድኳት፤ ሰባት ቀን ተጠመቀች። ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው የሚያናዝዙት። እሷ ፊታቸው ተንበርክካ ስትናገር፣ እኔ እንደ ወጉ ርቄ ሄጄ፣ ጀርባዬን አዙሬ፣ ፊቴን ወደ ግንቡ አድርጌ ቆምኩ። በዚያ የሚያልፍም ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ሰው ሲናዘዝ ያየ ፊቱን ያዞራል፣ ጆሮው ላይ ነጠላውን ይጥላል። ይህን ማንም አያስተምረንም፤ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው።

ሲጨርሱ ቄሱ ጠሩኝ። «ጠበሉን ትጠጣ፤ መልካም ነው» አሉኝ። «አንተ ግን ልጅቷን ጠይቃታል?»

«ጠይቄያታለሁ፣ አባቴ።»

«ጠየቅካት ወይስ መረመርካት?»

ነገሩ አልገባኝም። ባርከውን ተመለስን። የደረቷ ነገር እንዳለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ እኔን ሳትጠይቅ ደብዳቤ ጽፋ ኖሯል። የጻፈችው በተማረችበት ኮሌጅ ተማሪዎችን ለምታማክር አንዲት ሴት ነበር። መልሷ በታኅሣሥ መጀመሪያ ደረሰ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ እንደ ጸሐፊ ስመዝነው ጥሩ ደብዳቤ ነበር። «ሰውን በስልክ አማክሬ አላውቅም፤ አንቺም በስልክ ተማክረሽ አታውቂም። እንሞክረው። ረቡዕ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቢሮዬ እጠብቅሻለሁ» ይላል፤ ቁጥሩም አለበት።

«ደግሞ በሽቦ የሚመጣ ምክር!» አልኩ።

«በሽቦም ይምጣ በበቅሎ፣ ይምጣ እንጂ» አለች ሚስቴ። «ልጅቷ የጎኗ አጥንት እየተቆጠረ ነው፤ አይታይህም አንተ ሰው?»

የዚያን ጊዜውን የሰቆጣ ቴሌ የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላልና ልግለጸው። አንድ ክፍል ነው። ከባንኮኒው ኋላ ስልኩን የምታገናኝ ሴት ትቀመጣለች። ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰው እዚያ ላይ ተራውን ይጠብቃል። በአንዱ ወገን መስታወት ያላቸው ሁለት የእንጨት ክፍሎች አሉ፤ ሰው ገብቶ ቆሞ የሚነጋገርባቸው። የሁለተኛው ክፍል በር ከጠመመ ቆይቷል፤ አይዘጋም። መስመሩ ደግሞ እንደ ጉም ነው፤ ድምፅህን ከፍ ካላደረግህ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አይሰማህም። በዚህ ምክንያት የከተማው ሰው የዘመዱን ሞት፣ የልጁን መውለድ፣ ጠቡንም ፍቅሩንም እየጮኸ ነበር የሚናገረው።

«የአበርገሌዋ አስተማሪ! ቁጥር ሁለት!» አለች የቴሌዋ ሴት፣ የመጀመሪያው ረቡዕ።

ልጄ ገባች። በሹክሹክታ ጀመረች። ወዲያው ግን ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት።

«ደረቴ ነው! … አይ፣ ደረቴ! ይመታል!»

አግዳሚው ላይ አንድ ፍየል ነጋዴ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ተራ የሚጠብቅ። «ቅቤ ትቀባው!» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የተሸማቀቅኩት ስለ ራሴ እንጂ ስለ እሷ አልነበረም። እሷ ምን እንደተሰማት ያን ቀን አላሰብኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋት። «ምን ቀኖና ሰጠችሽ?»

«ቀኖና አይደለም፣ አባ። ደብተር ያዢ አለችኝ። ደረቴ በመታ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እያሰብኩ እንደነበር እንድጽፍ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ችግር ስጽፍ፣ በመጻፍ የዳነ ሰው አላየሁም።»

እኔም ምክር ያለ ቀኖና ባዶ ነው ብዬ፣ ከራሴ ጨመርኩበት፤ ጾመ ነቢያት ስለነበር በየማለዳው አርባ አንድ ስግደት አዘዝኳት። ታዘዘች። አንድም ቀን ሳታጓድል ሰገደች፤ የባሰም ከሳች። ስግደት መልካም ነገር ነው። አባት ልጁን ለመግረፊያ ሲያደርገው ግን መልካምነቱ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

በሚቀጥሉት ረቡዖች ከጠመመው በር አጠገብ መቆም ጀመርኩ። ሰው እንዳይስቅባት እጠብቃለሁ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። እውነቱን ልናገር፤ ለመስማት ነው። አማካሪዋ የምትለው አይሰማኝም፤ ግን መስመሩ ስለሚበላሽ ልጄ የተነገራትን ሁሉ ደግማ ትጮኸዋለች፤ ልክ ተማሪ የተነገረውን እንደሚደግም።

«በየቀኑ ወደ አበርገሌ በሚወስደው መንገድ … ትንሽ ትንሽ! … መጀመሪያ እስከ ከተማው መጨረሻ! … ሲመታብኝ አልሮጥም! … ቆሜ እቆጥራለሁ! … እስኪበርድ! … ከዚያ እመለሳለሁ!»

እንዲህ አደረገች። በየቀኑ ጠዋት ወጥታ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከከተማው መጨረሻ አላለፈችም። በሁለተኛው ከመንገዱ ዳር እስካለው ሾላ ደረሰች። በገና ሰሞን ምግብ መብላት ጀመረች፤ እናቷን አንድ ሁለቴ አሣቀቻት። ከሾላው ወዲያ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ጫፍ ይሄዳል፤ ከዚያ ጫፍ ላይ ሆነህ የአበርገሌ ቆላ ከታች ተዘርግቶ፣ በሙቀት ሲንቀጠቀጥ ይታያል። «ወደዚያ ገና ነኝ» አለችኝ። የወር ጉዳይ ነበር የቀራት። እኔ ደግሞ ቀን መቁጠር ጀምሬያለሁ።

ከጥምቀት በፊት ባለው ረቡዕ፣ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ፣ ልጄ እንዲህ ስትል ሰማሁ።

«ልጆቹን አይደለም የምፈራው! … አይደለም! … አባቴን ነው! … ከወደቅኩ ምን እንደሚሉኝ … አባቴን ነው አልኩ!»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፍየል ነጋዴው እንኳ ሊቀልድ አልደፈረም። ሳታየኝ ወጥቼ ውጭ ጠበቅኋት። አብረን ቤት ገባን። ከዚያ፣ የባለጉዳይን ምስጢር ለገዛ ሚስቱ እንኳ ያልነገርኩ ሰው፣ እንዲህ አልኳት።

«እኔን ነው የምትፈሪው?»

ፊቷ አመድ መሰለ።

«እንግዲህ ፍሪኝ! ፈርተሽም ቢሆን ትሄጂያለሽ! እስከ ሾላው የሚያደርስ መድኃኒት፣ እስከ ታች ያደርሳል!»

በጥምቀት ማግስት ወደ አበርገሌ የሚወርድ አይሱዙ አገኘሁ። ከፊት አስቀምጫት እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ከደጃፉ ላይ ቆማ «ተው፣ ተው» ትለኝ ነበር። ሾላውን አለፍን። ጫፉ ላይ ደረስን፤ ቆላው ከፊታችን ተከፈተ። ያን ጊዜ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። ስትተነፍስ እንደ ሰመጠ ሰው ነበር፤ ከንፈሯ ነጣ፣ ጣቶቿ ደርቀው ተቆላለፉ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ልትሞትብን ነው!» ብሎ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ።

አወረድናት። መኪናው መንገደኛ ስለነበረው ሄደ። እኛ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትንፋሿ እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰቆጣ መራመድ ጀመረች፤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀድማኝ። አልጠበቀችኝም፤ አልተመለከተችኝም። እኔም ልደርስባት አልሞከርኩም። አንድ ነገር ግን ያን ቀን ለማንም ያልተናገርኩት አለ። መኪናው ጫፉ ላይ ሲደርስ የእኔም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ደበቅሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን መሄድ ተወች። ደብተሩን ዘጋች። ረቡዕ ሲደርስ «አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«የምናገረውን እርስዎ የሚሰሙት ከሆነ፣ ለእርስዎ ብናገር አይሻልም? ለእርስዎ መናገር ደግሞ አልችልም፣ አባ። ስለዚህ ዝም እላለሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። የካቲት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያለቀላት መሰለኝ፤ የጨረስኳትም እኔ።

የዚያኑ ዕለት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛዬን ትቼ ወደ ቴሌ ሄድኩ።

«አስተማሪዋስ?» አለች የቴሌዋ ሴት።

«ዛሬ እኔ ነኝ።»

ቅንድቧን አነሣች፤ አገናኘችኝ። «ቁጥር ሁለት ይግቡ።» ቁጥር አንድ ባዶ ነበር። «ቁጥር አንድ በሩ ይዘጋልኮ» አልኳት። «ስልኩ ተበላሽቷል» አለችኝ። እግዜር እንደዚህም ይቀጣል።

የአማካሪዋን ድምፅ ስሰማ ደነገጥኩ። እንደ ንስሐ አባታችን ያረጀች ሴት ነበር የጠበቅኩት። የልጄ ታላቅ እህት ብትሆን ነው።

«እኔ አባቷ ነኝ!» አልኩ። «ጉዳዩ እንደሚከተለው ነው! አንደኛ …»

እንደ ማመልከቻ በተራ ነገርኳት፤ የመኪናውን ነገር፣ መስማቴን ሁሉ። ከዚያ «ልጄ ስለ እኔ ምን እንዳለች ይንገሩኝና ላርመው» አልኩ።

«ልጅዎ የነገረችኝን ለእርስዎ መናገር አልችልም፣ አባቴ።»

«ቄስ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም። ምስጢር ግን እንደ ቄስ ነው የምጠብቀው። ለእርስዎም ሆነ ለሌላ አልናገርም።»

ይህን ስትል አፈርኩ። የእኔ ሕግ ነበር፤ ከሰው አፍ መልሼ ሰማሁት።

«የእሷን እንተወው» አለች። «ስለ ራስዎ ይንገሩኝ። መኪናው ጫፉ ላይ ሲደርስ እርስዎ ምን ሆኑ?»

«ምንም!»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ።

«አለሁ። እየጠበቅኩዎት ነው።»

እኔን የጠበቀኝ ሰው አላውቅም። እኔ ነኝ ባለጉዳይን «ቶሎ በል» የምለው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ ተከፈተ።

«እጄ ተንቀጠቀጠ!»

«አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ።»

«እጄ ተንቀጠቀጠ አልኩ! … ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ! በረኀቡ ዓመት ወርጄበታለሁ! ልጅ አዝዬ! … አይደለም፣ ይቺ አልተወለደችም! የመጀመሪያዋ! ሁለት ዓመቷ ነበር! እህል ወደሚሰጥበት እወስዳታለሁ ብዬ!»

ቃሎቹ ከግድግዳው ተመልሰው ይመቱኝ ነበር። መስታወቱ ላይ አየሁ፤ አግዳሚው ላይ ዘጠኝ ወይ አሥር ሰው አለ። ፍየል ነጋዴው አለ። የልጇን ስልክ የምትጠብቅ አንዲት ባልቴት አለች። ልዘጋው እጄን አነሣሁ።

ያን ጊዜ ባልቴቷ ተነሣች። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ «ዙሩ» ነው ያለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጣለች። ከጎኗ ያለው ሰው ዞረ። ቀጥሎ ያለውም ዞረ። ፍየል ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ከነበትሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። የቴሌዋ ሴት ወንበሯን አዞረች። ክፍሉ ውስጥ የማየው ጀርባ ብቻ ሆነ፤ ልክ በቅጥሩ ውስጥ ሰው ሲናዘዝ እንደሚያደርጉት።

እኔ፣ ሕጉን አውቃለሁ የምለው፣ ለልጄ ያላደረግሁትን እነሱ ለእኔ አደረጉልኝ።

«አባቴ፣ አሉ?» አለች አማካሪዋ።

«አለሁ!» አልኩ። የቀረውንም ነገርኳት። ቁልቁለቱን ስወርድ ልጄ ጀርባዬ ላይ ዝም እንዳለች፣ ተኝታለች ብዬ እንደተደሰትኩ፣ ከታች ከአንድ ግራር ሥር ሳወርዳት መሞቷን እንዳወቅኩ፣ መቼ እንደሞተች እስከ ዛሬ እንደማላውቅ። ጫፉ ላይ በሕይወት ነበረች ወይስ አልነበረችም? ከዚያ ወዲህ ያ ጫፍ ላይ ስደርስ ደረቴ ይመታል። ሚስቴ ልጅቷ መንገድ ላይ እንደሞተች ታውቃለች፤ እንዴት ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም።

«ይህን ለልጅዎ ነግረዋት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ለምን?»

«አባት ስለሆንኩ ነዋ!»

«እሷ ደግሞ አባቷ ምንም እንደማይፈራ ነው የምታውቀው» አለች። «ይህ የእሷ ምስጢር አይደለም፤ ከእርስዎ ከሰማሁት የተረዳሁት ነው።» ከዚያ ሰዓቷ መድረሱን ነገረችኝ፤ የሚቀጥለው ረቡዕም፣ ልጄ ከፈለገች፣ የልጄ እንደሆነ። ቀኖና አልሰጠችኝም።

ስወጣ ማንም አልዞረም። በሩን አልፌ ውጭ እስክደርስ ጠበቁኝ። ያን ቀን የተናገርኩት እስከ ዛሬ ከማንም አፍ ወደ እኔ ተመልሶ አልመጣም። በከተማችን ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ ይሄኛው ግን ከዚያ ክፍል አልወጣም።

ቤት ስገባ ልጄና እናቷ ምስር ይለቅማሉ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። አባት ለልጁ ሲሸከም ግን አላየሁም። ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ጉዳዩ …» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

ልጄ ቀና አለች። «ማመልከቻ ነው፣ አባ?»

«አይደለም። ድንጋይ ልሸከም ወይስ እንዲሁ ልናገር?»

«ኧረ ይቀመጡ» አለች፤ ሰፌዱን ገፋ አደረገችልኝ።

ምስር እየለቀምኩ ነገርኳቸው። ጠጠር ሳወጣ ዓይኔን ከሰፌዱ አላነሣሁም፤ እንዲያ ይቀል ነበር። ሚስቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። በመጨረሻ እጇን ጀርባዬ ላይ፣ ልጅቷን ባዘልኩበት ቦታ አኖረችው፤ ብዙ ጊዜ ሳታነሣው ቆየች። ልጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስሟ ማን ነበር?»

ነገርኳት። ያን ስም ከረኀቡ ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በበሩ አጠገብ ስለ መስማቴ፣ ስለ መኪናውም ይቅር በይኝ አልኳት፤ ስግደቱንም አነሣሁላት። «ስግደቱንስ እኔ ራሴ ስፈልግ እንጂ እርስዎ ስላሉኝ አልተወውም» አለችኝ። ቁመቷን ያን ቀን ነው ያየሁት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሄደች። እኔ ከቴሌው ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ ቆምኩ፤ ስለዚህ ውስጥ የሆነውን ያወቅኩት እሷ ስለነገረችኝ ነው። ገና ቁጥር ሁለት ስትባል ሰዎቹ ዞሩ አሉ። ፍየል ነጋዴው ግድግዳውን እያየ፣ «እኔ እንደሆንኩ ከፍየል በቀር የማንንም ድምፅ አልሰማም፤ የፈለግሽውን ጩኺ» አላት። እየሣቀች ነበር የነገረችኝ።

መንገዱን እንደገና ጀመረች። በጥር መጨረሻ አንድ ጠዋት «ዛሬ አብረው ይምጡ» አለችኝ። ሾላውን አለፍን፤ ቀስ እያልን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። ቆላው ከታች ነበር። ሁለታችንም በልባችን እየቆጠርን ነበር።

«ስንት ደረሱ፣ አባ?» አለችኝ ከቆይታ በኋላ።

«ሠላሳ ሰባት።»

«እኔ መቶ አለፍኩ። ይቁጠሩ፤ እጠብቅዎታለሁ።»

ጠበቀችኝ። እጄን ከኪሴ አወጣሁት።

የካቲት ሲገባ ፍራሿን ተሸክሜ በአይሱዙ አብሬያት ወረድኩ። ከግራሩ ዘንድ ስንደርስ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩና አንድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጸሎት አደረስኩ። ልጄ አጠገቤ ቆማ «አሜን» አለች።

ትምህርት ቤቱ ሦስት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው። በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ሲመታ ከክፍሉ በር ላይ ደርሳ ቆመች። ከኋላዋ ነበርኩ። ትከሻዋ ሲነሣና ሲወርድ አያለሁ። «ግቢ» ልላት አፌ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ለአባቶች የምለው ቢኖር ይህን ነው፤ የምንውጠው ቃል ከምንናገረው ይልቅ ልጅ ያሳድጋል። ዞር ብላ አየችኝ።

«እዚሁ ነኝ» አልኳት። ከግድግዳው አጠገብ ሄጄ፣ ጀርባዬን ወደ ክፍሉ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ሜዳው አደረግሁ። ጋቢዬን ጆሮዬ ላይ ጣልኩ።

ልጆቹ ሲነሡና ሲቀመጡ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ። በጋቢው ውስጥ ምን እንደምትል አይለይም፤ ድምፅ መሆኑ ብቻ ነው። ጥቂት ሄደና ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መዞር አማረኝ፤ አልዞርኩም። መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። ስልሳ አንድ ላይ ስደርስ፣ ጠመኔው ሰሌዳውን ሲነካ ሰማሁ።